ባሕሩ ይቅር፣ ሮቶ አለው ወይ?

ወልድያ ላይ ሰው ስለ አየር ጠባይ ማውራት ሲጀምር ጠርጥሩ፤ የሚያወራው ስለ ቤት ነው። «የመርሳ ሙቀት አይቻልም» የሚል ሰው ወልድያ ላይ ካርታ ያለው ቦታ አለው። «ወልድያን እኮ ተራራው አፍኗታል፣ ነፋስ አይገባትም» የሚለው ደግሞ መርሳ ላይ ብሎኬት አስወርዷል። «ተዉት እባካችሁ፣ አገር ሁሉ አገር ነው» የሚል ካጋጠማችሁ እሱ ተከራይ ነው። እኔ ከነዚህ ከሦስተኛዎቹ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለውን ሁሉ ሳትጠራጠሩ ብትቀበሉት አትጎዱም።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ መጥቶ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አስፋልት መርሳን ለሁለት ከፍሎ፣ በስሪንቃ በኩል አድርጎ ወልድያ ይገባል። ሃይሩፍ ውስጥ አጠገባችሁ ከተቀመጠው ሰው ጋር ተዋውቃችሁ፣ በየት በኩል እንደምትዛመዱ ቆጥራችሁ ሳትጨርሱ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ይላል። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወልድያ 2,000 ሜትር አካባቢ ትሆናለች። ልዩነቱ አራት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። በዚች አራት መቶ ሜትር ምክንያት ግን ስንት ባልና ሚስት ተኳርፏል! ታች ማንጎ፣ ብርቱካንና ፓፓያ አለ፤ ወባም አለ። ላይ የዞን መስተዳድር አለ፤ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስታዲየም አለ። የመርሳ ሰው «እኛ ባንኖር ምን ትበሉ ነበር?» ይላል። የወልድያ ሰው ደግሞ «እኛ ባንኖር ማን ማህተም ይመታላችሁ ነበር?» ብሎ ይመልሳል። ይህ ክርክር አባቶቻችን የጀመሩት ነው፤ እኛም እንጨርሰዋለን ብለን አናስብም።

ዘንድሮ ክርክሩን እንደገና የቀሰቀሰችው የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከጅዳ ጠቅልላ መጣች። አክስቴ መርሳ ላይ ሙስሊም አግብታ የወለደቻት ናት፤ ለወሎ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም ነበር፣ ለሌላው አንባቢ ብዬ ነው። ከዚህ ቀደምም አንዴ መጥታ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ስታባርር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ በአውሮፕላን ሲራገፍ፣ አንዷ እሷ ነበረች። ያኔ ግን የእናቷን ቡና ሳትጠግብ ተመልሳ ሄደች። አሁን «ወላሂ፣ በቃኝ» ብላ መጣች። በነዚያ ዓመታት የላከችው ብር ግማሹ ለታናሽ ወንድሟ ባጃጅ፣ ግማሹ ለታላቁ ሠርግ ሆኗል። ባጃጁ ተሸጧል፤ ሠርጉም ፈርሷል። ደግነቱ በራሷ ደብተር ያስቀመጠችው ነበራትና ጥያቄው የት ትኑር የሚለው ሆነ። በእኛ ቤተሰብ ደግሞ ሰው የት እንደሚኖር የሚወስነው ኗሪው አይደለም። እናቴ ቤት ቡና ተፈላ፤ ያገባውም ያላገባውም ተሰበሰበ።

አቦሉ ላይ ቃሉን የወሰዱት አጎቴ ናቸው። አጎቴ የአሰብ ሰው ናቸው። የተወለዱት እንኳ ሀብሩ ነው፤ በደርግ ዘመን ግን ወደብ ላይ ዕቃ ቆጣሪ ሆነው ሠርተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የትም ቢቀመጡ የአሰብ ሰው ናቸው። በዚያ ጊዜ የወሎ ሰው ሥራ ፍለጋ ሲነሣ በባቲ ወርዶ፣ ሚሌን ተሻግሮ አሰብ ይገባ ነበር፤ ከኮምቦልቻ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣሊያን ባወጣው መንገድ። ወደቡን ዩጎዝላቮች አግዘው ሠርተውታል፤ ነዳጅ ማጣሪያውን ደግሞ ሶቪየቶች በ1950ዎቹ መጨረሻ ተክለውታል። ሥራ ነበር። ጉልበት ያለው ያወርዳል፤ ፊደል የቆጠረ የወረደውን ይቆጥራል፤ ሁለቱም የሌለው ለሁለቱ ሻይ ያፈላል።

አጎቴ አሰብን ሲያሞግሱ እንዲህ ነው። «ገና በጧቱ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሸሚዝህ ከጀርባህ ይጣበቃል። ስድስት ሰዓት ላይ ብረት ከነካህ ቆዳህን እዚያው ትተህ ነው የምትሄድ። ማታ ቤት ውስጥ አይተኛም፤ አልጋህን ውጭ ታወጣለህ፣ አንሶላህን ውሃ ትነክራለህ፤ እሱም ሳትተኛ ይደርቃል። አይ አሰብ! ምን የመሰለች አገር ነበረች!»

«ታዲያ ምኗ ነው ደስ የሚለው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የበረሃ አበል ነበራ!»

ከ1983 በኋላ ባንዲራው ቢለወጥም የኢትዮጵያ ዕቃ በዚያው ያልፍ ስለነበር አጎቴም ከዕቃው ጋር ቆዩ። በግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሣና በሩ ሲዘጋ አንድ ሻንጣና አንድ የባሕር ዛጎል ይዘው መርሳ ገቡ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሰው ሁሉ በግንቦት ፀሐይ ማንጎ ጥላ ሥር ተዘርሮ ሲያለከልክ እሳቸው ጋቢ ደርበው ይመጣሉ። «ይሄን ነው ሙቀት የምትሉት?» ይላሉ። ወልድያ የወጡ ዕለት ደግሞ ገና ጎንደር በር ሳይደርሱ ሳል ይጀምራቸዋል፤ ሐኪም ቤት ቢወሰዱ «ከፍታ ነው፣ ከፍታ አይስማማኝም» ብለው ሐኪሙን ያስረዱታል።

የአክስቴ ልጅ ስኒዋን ይዛ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና፣ በዚያ ቤት ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ዋና ይችላሉ?»

«የምን ዋና?»

«ያን ሁሉ ዘመን ባሕር አጠገብ ነበሩ እኮ።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ!» አሉ ተቆጥተው። «ባሕሩ ውስጥ መርከብ ይግባበት፤ እኔ ምን ልሠራ እገባለሁ?»

ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቃችንን ሳንጨርስ እናቴ ወደ እሷ ዞረች። «አንቺስ እቴ? ጅዳም ባሕር ላይ ናት ይባል የለም?» አለቻት። አለ አለች፤ ቀይ ባሕር ነው፣ ዳሩ ሁሉ በመብራት ያሸበረቀ ነው፤ አንዴ በመኪና መስኮት አይታዋለች። አንዴ ደግሞ ማዳሟ ልጆቿን ስታዝናና አብራ ወርዳ ነበር።

«ታዲያ እግርሽን እንኳ አልነከርሽም?»

«የልጆቹን ጫማ ስጠብቅ ዋልኩ።»

እንግዲህ በእኛ ቤተሰብ ባሕር ዳር የኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ መጋዘን ውስጥ፣ አንዷ ወጥ ቤት ውስጥ። በሌላው ዓለም ሰው ጡረታ ሲወጣ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እንግሊዙ ወደ ስፔን፣ አሜሪካዊው ወደ ፍሎሪዳ። የእኛ ሰው ጡረታ ሲወጣ ከባሕር ይሸሻል። ለሀብሩ ሰው ባሕር የሥራ ቦታ እንጂ የመኖሪያ ሰፈር ሆኖ አያውቅም። ማስረጃ የሚፈልግ መርሳ ላይ ይውረድና ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ውስጥ ይግባ። መስኮቱ ሰማያዊ መስታወት የሆነ፣ የላሜራ በሩ ወርቅማ ቀለም የተቀባ፣ የበረንዳው ምሰሶ ላይ የሲሚንቶ አበባ የተሠራበት ቤት ያገኛል። ቤቱ ተቆልፏል። ባለቤቷ ቀይ ባሕር ዳር የሰው ወለል እየጠረገች ነው፤ ቁልፉ እናቷ መቀነት ውስጥ ነው፤ በረንዳው ላይ የጎረቤት ፍየል ተኝታለች። ፍየሏ ኪራይ አትከፍልም፤ ምጣድም አትጠቀምም።

ሁሉም ደግሞ በአውሮፕላን አልሄደም። የአፋርን በረሃ በእግር አቋርጠው፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ ተሳፍረው ወደ የመን የተሻገሩ የሰፈር ልጆች አሉ። ባሕርን መጀመሪያ ያዩት ያን ቀን ነው፤ የመጨረሻቸውም የሆነባቸው አሉ። ይህ ወሬ ሲነሣ አጎቴ ስለ አሰብ ማውራት ያቆማሉ፤ እናቴም ሳትጠየቅ ዕጣን ትጨምራለች።

ቶናው ሲቀዳ አጎቴ አገግመው ወደ ታሪክ ገቡ። አጎቴ ባሕሩን ያጣንበትን ምክንያት ያውቃሉ፤ ጎረቤቶቻችን አምባሰሎች ናቸው። ከመርሳ ወደ ደሴ ሲሄዱ ውጫሌ ትገኛለች፤ አጠገቧ ይስማ ንጉሥ የሚባለው ቦታ አለ። አጼ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ውሉን የተዋዋሉት እዚያ ነው። ጣሊያን አሰብን በ1862 ዓ.ም. ከአካባቢው ሱልጣኖች በግዢ፣ ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. በጦር ቀድሞ ይዟል፤ በውጫሌው ውል ደግሞ የያዘውን አጸደቀ፣ ደጋውንም ጨመረበት። «የአምባሰል ሰው ያን ዕለት ቡና አፍልቶ እንግዳ ባይቀበል ኖሮ» ይላሉ አጎቴ፣ «ዛሬ ጡረታዬን የምቀበለው አሰብ ነበር።» እኔን ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚያስገርመኝ የ1862ቱ ግዢ ነው። ገዢው ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል ሰው ነው፤ ሚስዮናዊ ነበር፤ የገዛው ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ነው። ሃይማኖት ሰባኪ ሆኖ መጥቶ፣ አገሩን ዞሮ አይቶ፣ ቦታ አዋውሎ ሄደ። ደላላ ብዙ አይቻለሁ፤ የዚህን ያህል የተሳካለት ግን አላየሁም።

የጅቡቲ መስመር ሾፌር የሆነው የእህቴ ልጅ እስካሁን ስልኩን ሲነካካ ነበር። ከዘጠና በመቶ በላይ የአገሪቱ ዕቃ የሚገባው በጅቡቲ ነው፤ ስለዚህ ከመላው ቤተሰብ ባሕርን አዘውትሮ የሚያይ እሱ ነው። አንዷ አክስት «ለምን ጅቡቲ ሱቅ አትከፍትም?» ብትል ቀና አለ። «ጋላፊ ላይ ወረፋ ጠብቀሽ ትገቢያለሽ» አለ፤ «ከገባሽ በኋላ ለውሃም ትከፍያለሽ፣ ለጥላም ትከፍያለሽ። በክረምት ነፋስ ይነፍሳል፤ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። እኔ ዕቃዬን ጭኜ ሚሌ እስክደርስ መስኮት አልከፍትም።» አጎቴ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጅቡቲ በዚሁ ተዘጋች።

ባሕሩ ራሱ ወደ እኛ ይመጣል የሚሉም አልጠፉም። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. የጀመረው ባቡር ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ እዚሁ ወልድያ አጠገብ ሃራ ገበያ ሊደርስ ነበር፤ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሃራ ደግሞ በአፋር በኩል ወደ ታጁራ ወደብ ይቀጥላል ተባለ። ታጁራ ወደብ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። ባቡሩ ግን ፉጨቱን እስካሁን አላሰማንም። ያን ሰሞን ሃራ አካባቢ መሬት ያለው ሰው ሰላምታ የሚሰጠው በአንድ እጁ ብቻ ነበር። አንድ ደላላ ለእኔም «ከዚህ መስኮት ሆነህ ባቡር ታያለህ» ብሎ ቦታ አሳይቶኛል። መስኮትም ቤትም አልነበረም፤ ሁለት ግራርና አንድ ግመል ነበር። ደላላው ግን ትንሽ ዝም ብሎ ወደ ምሥራቅ ሲያይ ባቡሩ የሚታየው ይመስል ነበር።

ባሕር ዳር ከተማን ያነሡት ጎረቤታችን መምህሩ ናቸው። በቻይና መንገድ በድልብ በኩል ሽቅብ ወጥተሽ፣ ጋሸናን አልፈሽ፣ ወረታ ከወረድሽ በኋላ ሩቅ አይደለም፤ ጣና አለ፣ ዘንባባ አለ፣ ዓሣ አለ አሏት። «ዘንባባ ጅዳም አለ» ብላ በአንድ ቃል አሰናበተቻቸው። ዓሣውንማ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ወርዶ መብላት ይቻላል፤ ለአንድ ዓሣ ያን ሁሉ መንገድ ማቋረጥ ምን አመጣው። አዲስ አበባን ያነሣው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሠርጉ የፈረሰው። እዚያ የቤት ኪራይ አዋጅ ወጥቷል፣ 1320/2016 ይባላል፣ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ አከራይ እንደፈለገ አያስወጣሽም አላት። «መጀመሪያስ የሚያስገባ አለ?» አለች እናቴ። እናቴ አዲስ አበባ የሄደችው ለሕክምና ነው፤ ያረፈችበት ዘመዳችን ቤት ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ከተዘረጋ በሩ አይከፈትም ነበር።

በረካው ሲያልቅ ሁለቱ የቀሩት ወልድያና መርሳ ናቸው። ከጅዳ የጀመረው ዙር ሃይሩፍ ላይ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ውሳኔው በአጎቴ ጥያቄ ለቤት ፍለጋው ተላለፈና እኔ «ተከራይ ስለሆነ ያውቃል» ተብዬ አብሬያት እንድዞር ተመደብኩ።

ወልድያ ላይ ያየነው የመጀመሪያው ቤት ግቢው መጨረሻ ላይ ያለ ሰርቪስ ነው። አከራይዋ ደርባባ እናት ናቸው፤ እኛ ቤቱን ከማየታችን በፊት እሳቸው እኛን አዩን።

«ስንት ናችሁ?»

«እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እሱ የአክስቴ ልጅ ነው።»

«ሁሉም የአክስቴ ልጅ ነው የሚሉት» አሉ ወደ እኔ እያዩ። ቀጠሉ። ምጣድ ትጠቀማለች? ዘመድ ይበዛባታል? ማታ በስንት ሰዓት ትገባለች? ልብስ በሳምንት ስንቴ ታጥባለች? እሷ እየመለሰች ቀስ ብላ ወደ ግቢው ጥግ ሄደች፤ ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ቧንቧውን ከፈተች። ቧንቧው ትንፋሽ አወጣና ዝም አለ።

«ውሃ በፈረቃ ነው ልጄ፤ ሌሊት ይመጣል። ተነሥቶ መቅዳት ነው።»

«ሮቶ የለውም?»

«ጀሪካን አለ።»

ጅዳ ላይ ሌሊት ተነሥታ የሰው ሕፃን ስታባብል ነው የኖረችው፤ ለወልድያ ቧንቧ ደግሞ አልነሣም አለች። የሁለተኛው ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ኮርኒስ አለው፤ ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ በጣት የሚሞላ ቀዳዳ አለ። እኛ ቀዳዳውን ስናይ እሳቸው እኛን አዩንና «ቤቱ ጠንካራ ነው፤ 2013ን ያለፈ ነው» አሉ። በወልድያ ለቤት ጥራት ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። በዚያ ዓመት ነሐሴ ከተማዋ በጦርነቱ ስትያዝ እኛም ወጥተናል፤ ደሴ ዘመድ ቤት ተጠጋን፤ በጥቅምት ደግሞ ደሴም ኮምቦልቻም ሲያዙ ያስጠጉን ዘመዶቻችን ራሳቸው የሚጠጉበት ፍለጋ ከእኛ ጋር ተሰልፈው ወጡ። በታኅሣሥ ተመልሰን ስንገባ ከቤቱ የጠፋውን ከመቁጠር የተረፈውን መቁጠር ይቀል ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስለ ከተማ ምርጫ ሲወራ «ውብ ነው ወይ?» ብላ አታውቅም፤ «ማን አለን እዚያ?» ነው የምትለው። ሽማግሌውን ወደድናቸው። ውሃቸው ግን ከጎረቤት በሚመጣ ቱቦ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ደግሞ በአጥር ጉዳይ ፍርድ ቤት ናቸው።

መርሳ ወረድን። መርሳ ላይ ቤት ማየት ደስ ይላል፤ ምክንያቱም እያዩ ይበላል። አንዱ ግቢ ማንጎ፣ ሌላው ጋ ዘይቱን፣ ሦስተኛው ጋ ልጆች ጥንቅሽ ይዘው ጠበቁን፤ ጥንቅሹን በጥርሴ እየላጥኩ የኪራይ ዋጋ ስከራከር ክብሬ ትንሽ ቀነሰ። ሦስተኛው ቤት ሁሉን ያሟላ ነበር። ሁለት ሰፊ ክፍል፣ አልጋው ላይ ሳይቀር አጎበር የተሰቀለበት፣ ከኋላ የብርቱካን ዛፎች፣ ጣራው ላይ ጥቁር ሮቶ፤ ቧንቧው ሲከፈት ሙሉ ውሃ ወረደ። ውሃው ከፀሐዩ የተነሣ ሻይ ሊፈላበት ምንም አልቀረውም፤ ቢሆንም ውሃ ነው። ዋጋውም ከወልድያው ያነሰ ነበር። እኔ በልቤ ቀብድ ከፍዬ ጨርሻለሁ።

እኛ ግቢው ውስጥ ባለንበት ጊዜ የአባቷ አጎት ልጅ በአጥሩ በኩል ሰላም ብሎ ገባ። ቀጥሎ የእናቷ የክርስትና... አይ፣ የጡት ልጅ ነኝ ያለች ሴት መጣች። ቀጥሎ ከግራና የመጡ ሁለት ወጣቶች፤ እነሱ ዝምድናውን ራሳቸውም በደንብ አልያዙትም፤ ብቻ ከጅዳ መምጣቷን ሰምተዋል። ሁሉም «አብሽሪ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» አሏት፤ ሁሉም ሳሟት፤ ሁሉም ትንሽ ቆይተው ለብቻዋ ጠቀስ አደረጓት። አንዱ ለማዳበሪያ፣ አንዷ ለልጇ ትምህርት ቤት፣ ወጣቶቹ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ። ባጃጅ የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

ሃይሩፍ ውስጥ ሆነን ወደ ወልድያ ስንመለስ ስሪንቃን እስክናልፍ አልተናገረችም። ከዚያ ወሰነች። ወልድያ ትኖራለች፤ ፍራፍሬውን ከመርሳ እያስመጣች ወልድያ ላይ ጭማቂ ቤት ትከፍታለች። «መርሳ ቤቱ ጥሩ ነበር እኮ፣ ሮቶም ነበረው» አልኳት፤ ማንጎው ገና እጄ ላይ ነው።

«ስማ» አለችኝ። «ጅዳ ሆኜ አባቴ ሞተ፤ ለቅሶ አልደረስኩም። ብድር የሚጠይቀኝ ግን በየቀኑ ይደርሰኝ ነበር። ጅዳ ለለቅሶ ሩቅ፣ ለብድር ቅርብ ነው። መርሳ ለሁለቱም ቅርብ ነው። ወልድያ ሆኜ ሰው ቢሞት በሃይሩፍ ቀብር እደርሳለሁ፤ ብድር የሚፈልግ ደግሞ የመጓጓዣ አውጥቶ መምጣት አለበት።»

«ስልክስ?»

«በስልክ እንቢ ማለት ይቻላል። ያቃተኝ ፊት እያዩ ነው።»

ስለ ባሕር፣ ስለ ጣና፣ ስለ ባቡርና ስለ አዋጅ ስንት ሰዓት አወራን! የከፍታው አራት መቶ ሜትር ሳይሆን የመንገዱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው ለካ ነገሩን የሚቆርጠው። አጎቴ ሲሰሙ ትንሽ አሰቡና «አሰብም እኮ ከመርሳ ሰው አይመጣብኝም ነበር» አሉ፤ የበረሃ አበሉን ሳያነሡ አሰብን ሲያመሰግኑ ያን ዕለት ብቻ ሰማሁ። እናቴ ግን አልተስማማችም። ወልድያ የሚቀመጠው ዘመድ እሷ ስለሆነች፣ ከመርሳ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ቤት መሆኑን አስልታለች።

ስለዚህ ወልድያ ላይ የሚከራይ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን። ሁለት ክፍል ይበቃታል። ጣራው ላይ ሮቶ ይኑረው፤ ሮቶው ውስጥም ውሃ ይኑር። አከራዩ ምጣድ የማይከለክል፣ ከጎረቤቱ ጋር ክስ የሌለው ይሁን። ከመርሳ የመጣ ከሆነ ግን ከመዋዋላችን በፊት ዝምድናችንን እንቆጥራለን።